ቢላዋ ሻጭ ነው አልኩ

ቤታችን ውስጥ ቢላዋ የሚባል አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከሱፐርማርኬት የተገዙ፣ እጀታቸው ቀይና ሰማያዊ ፕላስቲክ የሆነ፣ ቲማቲም ላይ ሲደርሱ የሚንሸራተቱ ቆርቆሮዎች ናቸው። እኔ የምለው ያንን ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የወጣውን፣ የበሬ ቀንድ እጀታ ያለውን ነው። ልጄ በተወለደ በሳምንቱ ቤታችን ገባ። የሠራው አባቴ ነው።

ይህችን አጭር ነገር፣ «የሠራው አባቴ ነው» የምትለውን፣ ለመጻፍ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። አንደኛ ፊደል አላውቅም ነበር። የተማርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ ኮተቤ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በጎልማሶች ክፍል፣ ጉልበቴ በማይገባበት የሕፃናት ዴስክ ላይ ተጣጥፌ። ሁለተኛ በአባቴ አፍር ነበር። አሁን የማፍረው በራሴ ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ የመጀመሪያው ሐፍረት የሰው ነበር፣ ይሄኛው የእኔ ነው።

አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ከቀበና ወንዝ ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ ባሕር ዛፍ መሀል አንድ ቤት አለው፤ ግማሹ መኝታ፣ ግማሹ ብረት መሥሪያ። ወናፉ ከፍየል ቆዳ ነው፤ ብረቱን የሚቀጠቅጥበት መቀመጫ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው። ባሌስትራ ከጋራዥ ይለቅማል፣ ያግለዋል፣ ይቀጠቅጠዋል፣ ውኃ ያጠጣዋል። ውኃ የጠጣ ብረት ይጠነክራል፤ ግን ይሰበራል። ስለዚህ ጥርት አድርጎ ይፈገፍገውና መልሶ እሳት ዳር ያስጠጋዋል። ያኔ ቀለም በብረቱ ላይ መሄድ ይጀምራል። መጀመሪያ እንደ ገለባ፣ ቀጥሎ እንደ ጠጅ፣ ከዚያ እንደ ጠላ ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ቢላዋውም ቅቤ መቁረጫ ሆኖ ይቀራል። ጠጁ ጠላ ሊሆን ሲል ነው አንስቶ ውኃ ውስጥ መክተት። አንድ ትንፋሽ ብትዘገይ አለቀ። አባቴ ይህን በሕይወቱ ሙሉ ሲያደርግ ሲዘገይ አላየሁትም። ሰው የቀጥቃጭ ሙያ ክንዱ ላይ ይመስለዋል። ዓይኑ ላይ ነው።

ሰውም የሚፈራው ያንኑ ዓይን ነበር። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሕፃን ካየ ይበላል ይሉናል። ሥጋ ሻጩም፣ ድግስ ያለበትም፣ ቄሱም መጥተው ቢላዋ ይገዙ ነበር፤ ከቤታችን ውኃ የጠጣ ሰው ግን አላስታውስም።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ሁለት ሳምንት ቆየሁ። አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ትኩሳት ያዛት። እናቷ መጥታ ክፍሉ በር ላይ ቆማ «ይሄ የቀጥቃጩ ልጅ ሲያያት ነበር» አለች። ማየቱንስ አይቻለሁ፤ የማየው ግን እርሳሷን ነበር። ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው እርሳስ ነበራት። አባቴ መጣ፣ እጄን ያዘ፣ ይዞኝ ወጣ። እንዲህ ሆኖ ከ«ሀ ሁ» ሳላልፍ ቀረሁ።

ለሥራ ስደርስ ወደ ኮተቤ ወረድኩና ጋራዥ ገባሁ፤ ብየዳ ያዝኩ። ብየዳም ብረት ነው፣ እሳትም አለው፤ ግን በያጅ ስትሆን ማንም አይፈራህም። ሚስት ላገባ ሽማግሌ ብልክ የልጅቷ ቤተሰቦች «አባቱስ ማን ነው?» አሉ። ነባር ሰዎች ናቸው፣ ዘር ይቆጥራሉ። «ገበሬ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። እግሩን ያመዋል፣ ከቤት አይወጣም» አልኩ። አባት ሆኖ የቆመልኝ የጋራዡ አለቃ ነበር። ለሚስቴም እውነቱን አልነገርኳትም። አባቴ ሠርጌን የሰማው ካለፈ በኋላ ነው። «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝና ሞረዱን አነሳ።

ልጁ ሲወለድ አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ሊያርሷት መጡ። ገና ነጠላቸውን ሳያስቀምጡ «ብረቱ የታለ?» አሉ።

«የምን ብረት?»

«አንተ! አራስ ያለ ብረት ትተኛለች እንዴ? ቢላዋ አምጣ፣ ከትራሷ ሥር።»

የሱፐርማርኬቱን ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ጎበጠ።

«ይሄማ ማንኪያ ነው። ሰይጣን ይስቅብናል።»

ለአባቴ በስልክ «ወንድ ነው» ብቻ ብዬው ነበር፤ ና አላልኩትም። በስምንተኛው ቀን ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩት። አባቴ ቆሟል። ገላውን ታጥቦ፣ የቤተ ክርስቲያን ጋቢውን ለብሶ፣ አዲስ የላስቲክ ጫማ አድርጎ። ቤቴን ጠያይቆ ነው ያገኘው። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ብረት አምጥቻለሁ፣» አለ ቀስ ብሎ። «አራስ ቤት ያለ ብረት አይሆንም።»

ግቢው ጠባብ ነው። ከበሩ እስከ ውስጥ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። አማቴ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልጁን ፀሐይ እያሞቁት ነበር፤ ጀርባቸው ወደ እኛ ነው።

«ማነው እሱ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ቢላዋ ሻጭ ነው» አልኩ።

ማንም እንዲህ በል አላለኝም። አፌ ቀድሞኝ ነው ልል እችላለሁ፤ ግን አልቀደመኝም፤ አስቤበት ነው።

አባቴ አየኝ። ብዙ አላየኝም። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገና «አዎ እመይቴ! ቢላዋ ሻጭ ነኝ። ጥሩ ብረት ነው፣ አያሳፍርም!» አለ።

ውሸቴን አገዘኝ።

አማቴ ከተቀመጡበት ዘለው ነጠላቸውን ልጁ ላይ ጣሉ። «ቀጥቃጭ እንዳይሆን! አንተ፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ልጁን እንዳያይብኝ!» ወዲያው ደግሞ ረጋ ብለው «ቢላዋውን ግን ተቀበለው። ብረታቸው ደግ ነው» አሉ።

በሩን ገርበብ አደረግኩ። እጄን ኪሴ ከትቼ የምከፍል መሰልኩ፤ አባቴም የተቀበለ መሰለ። ቢላዋውን በጨርቁ እንደተጠቀለለ እጄ ላይ አኖረና በክፍተቱ ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ።

«ማንን ይመስላል?»

«እናቱን» አልኩት።

«ጥሩ» አለ። ሄደ። ጫማው አዲስ ስለነበር ኮብልስቶኑ ላይ እያዳለጠው ሲሄድ አየሁት።

ልጁ አባቴን ቁርጥ ነው። ግንባሩ፣ የጆሮው ጫፍ፣ ሲቆጣ የሚገጥመው ከንፈሩ ሳይቀር። ሚስቴ ቤት ግን የአባቴን መልክ የሚያውቅ ስለሌለ ማንም ምንም አላለም። አማቴ ቢላዋውን ከትራሱ ሥር አስገቡት። ሚስቴ ወደ ጓሮ ስትወጣም እሱኑ ይዛ ነበር የምትወጣው። ከቀጥቃጭ ዓይን እንዲጠብቃት።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በየበዓሉ ዳገቱን ወጥቼ ስኳርና ዘይት አደርስለት ነበር፤ ብቻዬን። ልጁን አሳየኝ ብሎ አያውቅም። የሚጠይቀኝ ስለ ቢላዋው ነው።

«ቢላዋው ደህና ነው?»

«ደህና ነው አባዬ።»

«ዝገት አልነካውም?»

«አልነካውም።»

«ተመስገን» ይላል፣ ዝገት የማይነካው ብረት ያለ ይመስል።

አምና ለፋሲካ ስሄድ ለጎረቤት ቢላዋ እየሠራ አገኘሁት። ብረቱን እሳት ዳር አስጠግቶ አንገቱን አስግጎ ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር «ምን መሰለ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ቀለሙ። ጠጅ ነው ጠላ?»

ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ቆይቷል። ጎንበስ ብዬ ዓይኑን አየሁት፤ ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ እንደ ወተት ስልባቦት።

ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ መብራት አብርቶ ግራ ቀኙን አየና «የዓይን ሞራ ነው አባባ፤ ይገፈፋል። እንደ ድሮው ያያሉ» አለው።

አሁን የምጽፈውን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም። ሐኪሙ «እንደ ድሮው ያያሉ» ሲል መጀመሪያ ልቤ ውስጥ የገባው ደስታ አይደለም። ልጄ ነው። «ካየ ያየዋል» አልኩ በሆዴ። እርሳስ በማየቴ ቡዳ የተባልኩት እኔ፣ የቀጥቃጭ ልጅ፣ የአባቴን ዓይን ፈራሁ። ያ ዓይን በዘር የሚወርድ ከሆነ እኔም ልጄን ጠዋት ማታ አየዋለሁ። ይህን ማሰብ አቅቶኝ አይደለም። ፍርሃት ግን አያስብም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አብልተውኛል፣ ሆዴ ውስጥ አለ።

የቀጠሮ ወረቀት ሰጡን። ደጅ ስንወጣ አባቴ «መቼ ይላል?» አለኝ። እሱ ፊደል አያውቅም፤ ቢያውቅም አያይም። ወረቀቱን አነበብኩት። ቀኑ ጥርት ብሎ ተጽፏል፤ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ።

«ይደወልላችኋል ነው የሚለው» አልኩት።

በዚያ ዕድሜዬ ዴስክ ላይ ተጣጥፌ ፊደል የተማርኩት ለዚህ ኖሯል። ረቡዕ መጣ፣ አለፈ። ከዚያም ወር፣ ከዚያም ሦስት ወር። በሄድኩ ቁጥር «አልደወሉም?» ይለኛል፣ «ተራ አልደረሰም» እለዋለሁ። ወናፉ ቆዳው ደርቆ ተሰነጠቀ። ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ደጅ ይወጣና ፀሐይ ላይ ይቀመጣል።

አንድ እሑድ እንደዚያው ተቀምጦ ሳለ፣ እኔም አጠገቡ ሳለሁ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ ተናገረ።

«አሁንማ አላይም አይደል?»

«አታይም አባዬ።»

«እንግዲያው ልጁን አምጣው። አሁን ምን ይጎዳዋል?»

ከዳገቱ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ መውረጃዬን አሳልፎኝ መሪ ድረስ ደረስኩ፤ በእግሬ ተመለስኩ። ቤት ስገባ አማቴ ለምሳ መጥተው ሽንኩርት እየከተፉ ነው፤ በዚያው ቢላዋ። ሚስቴም አለች።

«እማማ፣ ያንን ቢላዋ የሠራው አባቴ ነው» አልኳቸው። «ያን ዕለት በሩ ላይ የቆመውም እሱ ነው።»

እጃቸው ቆመ። ቢላዋውን ሽንኩርቱ ላይ አስቀመጡት። ሚስቴ «ለእኔም?» አለች። ለእሷም ዋሽቻለሁ፤ አምስት ዓመት። አማቴ ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። ሁለት ወር አልመጡም። አሁን ይመጣሉ፤ በዚያ ቢላዋ ግን አይቆርጡም፤ ማንኪያ ያሉትን የሱፐርማርኬቱን ይጠቀማሉ። እኔም ምንም አልላቸውም። እሳቸው የማያውቁትን ሰው ፈሩ። እኔ የማውቀውን ነው የፈራሁት።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ነርሷ ቀኑን አይታ «ይሄ እኮ ድሮ ያለፈ ነው! ምን ሆናችሁ ነው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ ያሳለፍኩት» አልኳት። አዲስ ቀጠሮ ሰጠችን። ለአባቴም ነገርኩት፤ ወረቀቱ ላይ የነበረውን ቀን፣ የዋሸሁትን፣ የዋሸሁበትንም ምክንያት። «ፈርተህ ነው» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንደኛው ዓይኑ ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ልጁን ይዤው ሄድኩ፤ ሚስቴም አብራን መጣች። ነርሷ ፋሻውን ገልጣ «ይክፈቱት አባባ» ስትለው ልጁ «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለ።

አባቴ ድምፁን ሲሰማ የሊጥ ያህል ለስልሶ የነበረው ፊቱ ተጨማደደ። ዓይኑን ጭራሽ ጨፈነ።

«ልጁ እዚህ ነው?» አለ።

«እዚህ ነው።»

«መጀመሪያ አውጣው። ከዚያ እከፍታለሁ።»

ነርሷ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች። የሚሆነው አልገባትም። ልጁን ብብቱን ይዤ አነሳሁትና አልጋው ላይ፣ ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩት። ፍርሃቱ አልወጣልኝም ነበር። ወጥቶልኛል ብል ሌላ ውሸት ይሆናል።

«አያትህ ነው» አልኩት ልጁን። አባቴንም «ክፈት አባዬ። አይሄድም» አልኩት።

ከፈተው። መጀመሪያ ያየው የልጁን ጫማ ነው፤ ከዚያ ጉልበቱን፣ ከዚያ እጁን። ብረት ቀለም እስኪይዝ እንደሚጠብቅ ሰው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ፊቱ ላይ ሲደርስ ቆየ። ልጁም ከንፈሩን ገጥሞ መልሶ አፈጠጠበት።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«እናቱን ነው የሚመስለው አላልከኝም ነበር?» አለ።