አባዬ በቅሎ፣ ጋሽ በላይ ዝሆን

ባለፈው ሳምንት ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን ያለው መጋዘን ውስጥ፣ እኔ ከማንም በላይ ፎርክሊፍት የምነዳበት መጋዘን ማለቴ ነው (ጉራ አይደለም፣ አለቃዬን ጠይቁት፣ አይደለም ካላችሁ ቀንቶ ነው)፣ ጥጉ የተቀደደ ካርቶን አገኘሁና ልለጥፈው ጎንበስ ስል የአዲስ ጨርቅና የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የሕፃናት መጫወቻ ነው። ከላይ የጨርቅ ዝሆን፣ ከሥሩ የጨርቅ አህያ፣ ጆሯቸው ተጠላልፎ እንደ ወንድማማች ተቃቅፈው ተኝተዋል። ቴፑን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አብሮኝ የሚሠራው ፖርቱጋላዊ «ምን ሆነሃል?» ቢለኝ ምን ብዬ ልንገረው? የአሜሪካ ፓርቲዎች አባቴን ጓደኛ አሳጡት ብዬ ብነግረው፣ ጠዋት ጠዋት የምጠጣውን ነገር ሊጠይቀኝ ነው።

በትምህርት ብዙ አልገፋሁም፣ አልደብቅም። ትምህርቱም እኔን ብዙ አልፈለገኝም፣ ስለዚህ በስምምነት ተለያየን። በሪፐብሊካንና በዴሞክራት ልዩነት ግን የመጣ ይምጣ! ገና የወተት ጥርሴ ሳያልቅ ነው የተማርኩት፣ ጄኔቭ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሥር ያለች ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የእርጥብ ካፖርትና የሽሮ ሽታ ተቀላቅሎ መስኮቱን ላብ በሚያስመታው የክረምት እሁድ።

አባዬ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ የድምፅ ታዛቢ ነበር። «ለሽንት እንኳን ከሳጥኑ አጠገብ አልተነሳሁም» እያለ ይፎክራል። ጉራው ከማን እንደወረደብኝ አሁን ገባችሁ። ከምርጫው በኋላ ነገሩ ሲበላሽና እሱንም መፈለግ ሲጀምሩ እናቴን፣ እኔንና ገና የምታጠባትን እህቴን ይዞ ናይሮቢ ገባ። ከዚያ ለሁለት ሰው ብቻ መንገድ ሲገኝ እኔና እሱ ቀድመን ወጣን፣ እነሱ ደግሞ «ቶሎ ትከተላላችሁ» ተብለው ቀሩ። ስዊስ ጄኔቭ መደበችን፣ ሜራን የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ አንዲት ክፍል ሰጠችን፣ አባዬንም ኤፍ የሚባለውን ፔርሚ፣ የመኖሪያ ወረቀቱን ማለቴ ነው፣ አስያዘችው። ትርጉሙ «ለጊዜው ቁጭ በል፣ አልጋህን ግን በደንብ አታንጥፍ» ማለት ነው። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም በእያንዳንዱ ውስጥ እናቴ ያለች ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ በላይ የአባዬ አብሮ አደግ ናቸው፣ የአንድ ግቢ፣ የአንድ ቄስ ትምህርት ቤት ልጆች። እሳቸው በደርግ ጊዜ ወጥተው የስዊስ ፓስፖርት ይዘዋል፣ ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን ይኖራሉ፣ እዚያ ካለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ጫማ ይሸጣሉ። ስንመጣ ጣቢያ ድረስ መጥተው የተቀበሉን እሳቸው ናቸው። በሕይወቴ የመጀመሪያዋን የበረዶ ጫማ ያጫሙኝም እሳቸው፣ ተንበርክከው፣ ክሯን እያሰሩ፣ «ይሄ እግር ገና ብዙ ይሮጣል» እያሉ። በወር አንዴ ባቡር ይዘው ጄኔቭ ድረስ የሚመጡት ለማስቀደስ ነው ይላሉ። ውሸት። ከአባዬ ጋር ለመከራከር ነው።

ክርክሩ ስለ አሜሪካ ነበር። ያኔ የኛ ሰዎች ሁሉ አንድ እምነት ነበራቸው፤ የሀገራችን ቁልፍ ዋሽንግተን ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቀሪው ጥያቄ ማን ያውርደው ነው። ዴሞክራቶቹ ናቸው የሚሉት በማሞቂያው በኩል፣ ሪፐብሊካኖቹ ናቸው የሚሉት በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ። እንደ ኳስ ቡድን። ባል ማሞቂያ፣ ሚስት መስኮት የሚሆኑበት ቤት ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው አሜሪካን ያየ አልነበረም፣ ግን የኦሃዮ የትኛው ወረዳ ለማን እንደሚያጋድል እንደ ሰፈራቸው ያውቁት ነበር።

አባዬ ዴሞክራት ነው። «መንግሥት ማለት» ይላል ጠረጴዛውን እየመታ፣ «የታመመውን የሚያሳክም፣ ደካማውን የሚደግፍ፣ የሰው መብት ሲረገጥ የሚጮህ ነው!» ጋሽ በላይ ሪፐብሊካን ናቸው። ግብር ይቀነስ፣ ሰው በላቡ ይደር፣ ጸሎት ይከበር፣ ጽንስ አይነካ፣ ጦሩ ይጠንክር፣ ድንበር ይጠበቅ። «አንተ የምትለው» ይላሉ፣ «የሰው ኪስ ገብቶ መጽደቅ ነው፣ ሙሉጌታ!» እኔ እንደገባኝ ደግሞ ልዩነቱ እንዲህ ነበር፤ አዳራሹ ቢበርደው አባዬ «ማሞቂያውን ለሁሉም እንጨምር» ይላል፣ ጋሽ በላይ «እያንዳንድሽ ካፖርት ግዢ» ይላሉ። ከዚህ የተሻለ ያስረዳችሁ ፕሮፌሰር ካለ አምጡት።

ጉዱ የመጣው ምልክቱን ያወቅን ቀን ነው። የሪፐብሊካኖቹ ዝሆን፣ የዴሞክራቶቹ አህያ! የመስኮቱ ወገን በሳቅ ሊሞት። እስቲ ማን ወንድ ነው ሀበሻ መሀል ቆሞ «እኔ የአህያ ወገን ነኝ» የሚል? የዚያን ለት ሁለት ሰዎች ወዲያው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዛወሩ። እትዬ ወይንሸት፣ ዲፕሎማት ቤት የሚሠሩት፣ በልጅነታቸው አህያ ስለረገጠቻቸው ነገሩን እንደገና አላስብበትም ብለው ለዘለዓለም ዝሆን ሆኑ። አባዬ ግን ታዛቢ አይደል፣ ሳጥኑን ጥሎ አይሸሽም። በሚቀጥለው እሁድ ተነሣና «አጣርቻለሁ» አለ፣ «አህያ አይደለም፣ በቅሎ ነው። ሥዕሉን የሣለው ፈረንጅ በቅሎ አይቶ ስለማያውቅ ነው።» በማሞቂያው በኩል እልልታ ሆነ። በቅሎ መኳንንት የሚቀመጥባት፣ ባለ መረሻት፣ ባለ ጌጥ ኮርቻ! ጋሽ በላይ ግን ሳቃቸውን ውጠው ቀስ ብለው፣ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ሲሉ አዳራሹ ፈረሰ፤ አባዬ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ጋሽ በላይን አንገታቸውን አንቆ ግንባራቸውን ሳማቸው። ከዚያ ወዲህ በቅሎና ዝሆን ተባባሉ። ስልክ ሲደወል እንኳን «ሃሎ፣ ዝሆኑ እንዴት አደርክ?» ነው። እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ በሰባራ ፈረንሳይኛዬ «አባቴ በቅሎ ነው» ብዬ አስተዋወቅኩት፣ መምህርቷ ለብቻዬ ጠርታ ቤት ውስጥ ሁሉ ሰላም መሆኑን ጠየቀችኝ።

የሚገርመው፣ ከመሃላቸው ድምፅ ያላቸው፣ ማለትም የስዊስ ፓስፖርት የያዙት፣ የዚህ ሀገር የምርጫ ፖስታ በዓመት ብዙ ጊዜ ቤታቸው ይመጣ ነበር፣ እነሱ ግን ከሱፐርማርኬት ወረቀት ጋር አብረው ይጥሉታል። ስዊሶች ስለማያከራክር ነገር ሁሉ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ምኑ ይጥማል? ታዲያ አንድ መኸር ላይ ስለኛ ድምፅ የሚሰጥበት መጣ። የስደተኛው ሕግ ይጥበቅ ወይስ አይጥበቅ የሚል ነው። ፖስተሩ በየፌርማታው ተለጠፈ። አባዬ አንድ ቀን ፊቱ ቆሞ ሲያነበው አየሁት፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ አውቶብሱ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ። «ይሄ ካለፈ» አለኝ፣ «የእናትህ ነገር አለቀለት።» እውነት ያልቅለት አያልቅለት እንደነበር ዛሬም አላውቅም፣ እሱ ግን እንዲያ አመነ።

ጋሽ በላይ በዚያ ወር ሲመጡ አባዬ ፌርማታው ድረስ ሸኛቸው። እኔም ነበርኩ። ክርክር የለ፣ ሳቅ የለ፣ አባዬ እጁን ኪሱ ከቶ መሬት መሬት እያየ፣ «በላይ፣ እኔ አንድ ድምፅ እንዳይጠፋ ብዬ ነው ሀገሬን ያጣሁት፣ ታውቃለህ። እዚህ ድምፅ የለኝም። አንተ አለህ። ፖስታውን ለልጆቼ እናት ብለህ አትጣለው፣ አይጥበቅ በልና ላክልኝ» አለ። አባዬ ሲለምን ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«ኧረ ተው እንጂ ሙሌ!» አሉ ጋሽ በላይ ትከሻውን መታ አድርገው። «ይሄም ይለመናል? በእኔ ጣለው።»

ጣለባቸው። አባዬ ከዚያ በኋላ ያፏጭ ጀመር። አንዲት ድምፅ ሀገር እንደማትገለብጥ ያውቃል፣ ግን የታዛቢ ነገር፣ ለሱ አንዷም ሙሉ ናት።

ውጤቱ የሚነገርበት እሁድ ዋሊሰለን ጋሽ በላይ ቤት ተጠርተን ነበር፣ የልጃቸው የሄለን ልደት ነው። ኬኩ ተቆርጧል፣ ምንጣፉ እግር ይውጣል፣ ከመስኮቱ ማዶ ባቡር ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። ቴሌቪዥኑ በጀርመንኛ ያወራል፣ እኔና አባዬ ደግሞ ከጀርመንኛ «ዳንከ» ብሎ ማመስገንና «ባንሆፍ» ብሎ ጣቢያ መጠየቅ ብቻ ነው ያለን። አባዬ ሹካውን አስቀምጦ «ምን ይላል?» አለ። ሄለን፣ እዚያው ተወልዳ አማርኛዋን እንደ ትኩስ ድንች የምታገላብጠው፣ አፏ ኬክ እንደሞላ «ሰው ሁሉ ያ፣ ማለት አዎ፣ አለ» አለች። «ብዙ ብዙ ያ። ይጥበቅ ነው ያለው።»

አባዬ ወደ ጋሽ በላይ ዞሮ ፈገግ አለ፣ ያ ፈገግታ እስከዛሬ ይገድለኛል። «አይዞህ» አላቸው። አስቡት፣ እሱ እሳቸውን! «አይዞህ ዝሆኑ፣ አንተ ድርሻህን ተወጥተሃል።»

መዋሸት ይችሉ ነበር። ብዙ ጊዜ አስባለሁ፣ ምናለ ቢዋሹን? ጋሽ በላይ ግን ሳህናቸውን ገፋ አድርገው፣ «ሙሌ፣ አልዋሽህም። እኔም ይጥበቅ ነው ያልኩት» አሉ። ቴሌቪዥኑ ማውራቱን አላቆመም። «እስኪርቢቶውን ሳነሳ ያንተን ነገር አሰብኩ፣ እምልልሃለሁ። ግን ስንት ጊዜ ድንበር ያለው ሀገር ነው ሀገር ስልህ ምን መሰለህ? ያመንኩበት ነው። እዚያ ዝሆን ሆኜ እዚህ ሌላ ልሁን?»

«እኔ እኮ» አለ አባዬ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ፣ «እኔ እኮ የምንጫወት መስሎኝ ነበር።»

«ይሄ ፖለቲካ ነው፣ ጓደኝነታችን ሌላ...»

«በእኔ ጣለው ብለኸኛል፣ በላይ» ብቻ አለና ወደ እኔ ዞረ። «ጫማህን አድርግ።»

ጋሽ በላይ እስከ በሩ ተከተሉን። የጫማዬን ክር ሊያስሩልኝ ጎንበስ ሲሉ እግሬን ሰበሰብኩ። ከዙሪክ ጄኔቭ ባቡሩ ሐይቁን ይዞ ሲሮጥ፣ ሎዛን ላይ የአባዬ ስልክ ጮኸ፣ እናቴ ናት፣ ከናይሮቢ። «ደህና ነን» አላት። «በላይ ቤት ልደት ውለን መመለሳችን ነው። አዎ። ሰላም ብሎሻል።»

በሚቀጥለው ወር ጋሽ በላይ አልመጡም። በቀጣዩም። አዳራሹ ውስጥ ክርክሩ ቀጠለ፣ ግን ሁለት በሬ ጠፍቶበት በአህያ እንደሚታረስ ማሳ ነበር። ቆይቶ የአባዬ ፓርቲ አሸነፈ፣ ያውም ጥቁር ሰው አቅርቦ! አዳራሹ በእልልታ ተቀደደ፣ ሰው ሁሉ «በቅሎ! በቅሎ!» እያለ ሲጨፍር አባዬም ትከሻውን ሁለት ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ ዓይኑ ወደ መስኮቱ በኩል ሄደ፣ የሚያናድደው ሰው ፈልጎ። ባዶ ወንበር አየና ተቀመጠ። ቁልፉንም ማንም ከሚስማሩ አላወረደው። አዲሶቹም እንደ ፊተኞቹ ከኛዎቹ ገዢዎች ጋር በሳቅ ተጨባበጡ፣ በቴሌቪዥን አየናቸው። አባዬ ሪሞቱን አንስቶ አጠፋው። ዝሆኑ ፊት ለፊት ረገጠው፣ በቅሎዋ ደግሞ ከኋላ።

እናቴ በመጨረሻ እህቴን ይዛ መጣች። ግን እኔ ጢሜ ካቀመቀመ በኋላ ነው የመጣችው። አውሮፕላን ማረፊያ በሩ ሲከፈት አጠገቤ የቆመውን ኤርትራዊ ልጅ፣ የአሥር ዓመቱን፣ እጇን ዘርግታ ልታቅፍ ነበር። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ፣ ቀልደኛው እኔ ነኛ። ያ ልጅ የተቀበለውን ግማሽ እቅፍ ግን እስከዛሬ ስፈልገው አላገኘሁትም።

አሁን የምኖረው ከዋሊሰለን በባቡር ቅርብ ነው። ጋሽ በላይ ጡረታ ወጥተዋል ይባላል። አንድ ጊዜ የገበያ ማዕከሉ ደረጃ ላይ እሳቸውን የሚመስሉ ሽማግሌ አየሁና ወደ ሌላኛው በር ዞርኩ። ይቅር በላቸው የሚሉኝ አሉ። ይቅር ማለት የአባዬ ነው እንጂ የእኔ አይደለም፣ አባዬ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም፣ በክፉም በደግም።

ባለፈው የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ግን ልቤ አልቻለም። በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ደጅ ወጥቼ ሜራን ደወልኩ። ጠረጴዛ የሚመታ፣ የሚጮህ፣ ኦሃዮን ወረዳ በወረዳ የሚያርስ አባት ፈልጌ።

«አባዬ» አልኩት፣ «ማን ያሸንፋል ትላለህ?»

ከበስተኋላው አውሮፕላን ሲያርፍ ይሰማኛል።

«የት?» አለኝ።