ሄሊኮፕተሩ ላይ የተጫነው ማር

ስለ አደጋ ሲወራ አገሬው ሁሉ አንድ መልስ አለው፤ ግዴለሽነት። መኪና ቢገለበጥ ግዴለሽነት፣ ግድግዳ ቢናድ ግዴለሽነት፣ ሰው ከመሰላል ቢወድቅ ያው ግዴለሽነት ነው። እኔ በዚህ ተስማምቼ አላውቅም። በዕድሜዬ ካየኋቸው አደጋዎች አብዛኞቹ የደረሱት በጨዋ ሰዎች እጅ ነው። አንዱ ያየውን ለመናገር አፍሮ፣ ሌላው እምቢ ማለት ከብዶት፣ ሌላው ደግሞ ታላቁን ላለማረም ሲል ዝም ብሎ። ግዴለሽን ሰው ትቆጣዋለህ። ጨዋን ሰው ምን ትለዋለህ?

ይህን ንግግሬን ጅማ ውስጥ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼማ ሰልችቷቸዋል። ከእነሱ አንዱ የሄሊኮፕተር ቴክኒሽያን ነው። የሚሠራበት ትንሽ ድርጅት በአንዲት ሄሊኮፕተር፣ ከአጋሮ ወዲያ ባሉት ተራሮች ላይ ለሚዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ቀያሾችንና ዕቃ ያመላልሳል። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆሞ፣ "ጋሼ፣ የሚከፈልበት ጭቅጭቅ አገኘሁልዎት" አለኝ። የድርጅቱን የደህንነት መመሪያ ከእንግሊዝኛ መልሶ ለሠራተኛው የሚያስረዳ ሰው ይፈልጉ ነበር።

መመሪያው ክፉ አልነበረም። "የደህንነት ባህል" የሚል ነገር በየገጹ ይደጋግማል፤ ባህል በመመሪያ የሚተከል መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። አንድ አንቀጽ ግን ብዕሬን አስቆመው። ማንኛውም ሠራተኛ፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን፣ አደጋ ካየ በረራውን ማስቆም ይችላል ይላል። ቴክኒሽያኑን ይህ እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

"በድሮው መሥሪያ ቤቴ እንዲህ ያለው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር" አለኝ። "መፍቻ ሞተሩ ውስጥ ረስቼ፣ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ትዝ ብሎኝ፣ ራሴ ሄጄ ተናገርኩ። ብዙም ሳይቆይ አባረሩኝ። እዚህ ደግሞ ውሌ አጭር ነው፤ የሚታደሰው ካፒቴኑ ደህና ሰው ነው ካለ ብቻ። ልጆች አሉኝ ጋሼ። ከእንግዲህ ማየት እንጂ መናገር የለም።"

ካፒቴኑ ወታደር ቤት ያደገ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሽበቱ ሰው የሚያስነሳ ዓይነት ነው። መመሪያውን ላስረዳ ሠራተኛውን ስሰበስብ የገጠመኝ ችግርም እሱ ራሱ ነበር። ይህን ሰው ማን ደፍሮ ቁም ይለዋል? ከቀያሾቹ አንዷ፣ "ስቶፕ እንበለው፤ ፈረንጅኛ ስለሆነ አያስቀይምም" አለች። እኔ ሌላ ሐሳብ አመጣሁ፤ በሕግ አምላክ እንበል። ገበያ መሃል ሁለት ጎረምሶች ሲቦጫጨቁ ድንች የምትሸጥ ሴት በሕግ አምላክ ካለች እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። አንቺ ማን ነሽ የሚላት የለም። ቃሉን ለመናገር ማዕረግ አያስፈልግም፤ የሰማውም ሰው ተዋረድኩ አይልም።

ነዳጅ የሚሞላው ሰውዬ፣ "እሱ ለሌባ ነው እንጂ ለካፒቴን ይባላል እንዴ?" አለ። ቤቱ ሳቀ።

ካፒቴኑ አልሳቀም። "ነፍሳችሁን ይዤ ነው የምነሳው። ከእኔ የባሰ ሌባ ከየት ልታመጡ ነው?" አለ። ቃሉ በዚያው ጸደቀ። ቴክኒሽያኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

ኅዳር ላይ፣ ቡናው ተለቅሞ ማድረቂያ አልጋ ላይ በሚሰጣበት ጊዜ፣ ከአጋሮ ማዶ ወዳለ አንድ ሜዳ በረርን። አራት ነበርን፤ ካፒቴኑ፣ ቴክኒሽያኑ፣ አንዲት ቀያሽና እኔ። እኔ የሄድኩት ከሜዳው ባለቤት ጋር ለማስተርጎም ነው። ሜዳው የአንድ ሽማግሌ ግጦሽ ሲሆን ዙሪያውን ረጃጅም የጥላ ዛፎች ከበውታል። ከዚያ የሚወጣ ሄሊኮፕተር ከጉድጓድ እንደሚሳብ ባልዲ ቀጥ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ይህ ደግሞ ጉልበት ይፈጃል። ቀትር ላይ አየሩ ሲሞቅ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ካፒቴኑ ገና ከጅማ ሳንነሳ ሁላችንንም ሚዛን ላይ አቁሞ የመልስ ጉዞውን ጭነት አስልቶ ነበር። የእኔ ኪሎ ሲነበብ ነዳጅ የሚሞላው ሰውዬ፣ "ያነበቡት መጽሐፍ ሁሉ እዚህ ነው ለካ የተቀመጠው" አለ።

ሽማግሌው ከእኔ የተሻለ አማርኛ ይናገራሉ። የማስተርጎም ሥራዬ ስለዚህ ወደ መብላት ተለወጠ። እኔና ካፒቴኑ፣ ቀያሿም ጭምር፣ እቤታቸው ገብተን ማርቃ፣ ያውም ቅቤው የሚንሳፈፍበት ገንፎ፣ ቀረበልን። ቴክኒሽያኑ ሄሊኮፕተሩን ለመጠበቅ ውጭ ቀረ።

እኛ ስንበላ የሽማግሌው ልጆች ግማሽ ኩንታል ቡናና አንድ ጀሪካን ማር ተሸክመው ወደ እሱ ሄዱ። እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም። ቴክኒሽያኑ አይቻልም አላቸው፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። እኛ አገር ደግሞ አንድ ጊዜ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው፤ እንደ እምቢታ የሚቆጥረው የለም። "ማሎ፣ አባታችን ያዝናሉ" አሉት። ማሎ ተብሎ የተለመነ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? የጓዙን ክፍል ከፈተላቸው።

ተሳፈርን። ክንፉ መዞር ጀመረ፣ ሣሩ ተኛ፣ ሊሸኝ የወጣው ሰው ነጠላውንና ሻሹን ያዘ። ካፒቴኑ በጆሮ ማዳመጫው፣ "ዝግጁ?" አለ። ቀያሿ ዝግጁ አለች፤ እኔም አልኩ። ቴክኒሽያኑ መልስ አልሰጠም። ዞር ብዬ ሳየው እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ጨብጦ ዛፎቹን ያያል። ካፒቴኑ ጥያቄውን ደገመው።

"በሕግ አምላክ" አለ ቴክኒሽያኑ። ድምፁ ገበያ ውስጥ ቢሆን ዶሮ አያስቆምም።

ካፒቴኑ እጁን ከማንሻው ላይ አነሳ። "ምንድን ነው?"

"ከኋላ ቡና አለ። ማርም አለ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ።"

"ስንት ይመዝናል?"

"አልመዘንኩትም።"

"እሺ" አለ ካፒቴኑ። ሞተሩ በረድ እስኪልና ክንፉ እስኪቆም ተቀምጠን ጠበቅን። ቴክኒሽያኑ በሐሳቡ ዕቃውን እየሸከፈ እንደነበረ ፊቱ ላይ ይነበባል።

ስንወርድ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። የራሳቸው ጆንያ ሲወርድ አዩ። "ስጦታ ተቀብሎ መመለስ እኛ ዘንድ ስድብ ነው፣ ልጄ" አሉ።

"አውቃለሁ አባቴ" አለ ካፒቴኑ። "ተሳዳቢው እኔ ነኝ፤ ገና ስንመጣ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ከዚህ ጭነት ጋር እነዚህን ሰዎች ከዛፉ በላይ ለማውጣቴ እርግጠኛ አይደለሁም።"

ሽማግሌው ዛፎቹን ቀና ብለው አዩ። ፊታቸው አልተፈታም። "ታዲያ ማን ነው ያስቆመህ?"

ካፒቴኑ ወደ ቴክኒሽያኑ አመለከተ።

"ከልጆቼ እጅ ስትቀበል ዝም ብለህ፣ እዚያ ላይ ስትወጣ አፍ አወጣህ?" አሉት።

"አፍሬ ነው አባቴ።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ የባሰ አፈርኩ።"

ከኋላ የቆሙት ሳቁ፤ እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ። "አልሀምዱሊላህ። የሚያፍር ሰው በሕይወት ያለ ነው" አሉና ልጆቻቸውን በኦሮምኛ ገሠጹ፤ ስጦታው በሚኒባስ ወደ ጅማ እንዲላክ አዘዙ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ስጦታውን በኪሎ ያካካሱት ይመስለኛል።

ጅማ ደረስን። እንደወረድን ቴክኒሽያኑ የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ የግል ዕቃውን ከድርጅቱ ዕቃ መለየት ጀመረ። ካፒቴኑ አየው።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ዕቃዬን ልሰብስብ ብዬ።"

"ዕቃህ ምን ሆነ?"

ካፒቴኑ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። "መቀበልህ ስህተት ነበር። ዝም ብትል ግን ይኼኔ ዛፍ ላይ ነበርን። የመጀመሪያውን እንዴት እንደምናስቀር አብረን እናስባለን። ለመናገርህ ግን አመሰግናለሁ። ውልህን እኔ ነኝ የማሳድሰው። ሰኞ ሰርቦ አዲስ ማረፊያ አለን፤ የሜዳው ጠባቂዎች ሥልጠና ይፈልጋሉ። የምትሰጠው አንተ ነህ።"

"ምን ብዬ?"

"የሆነውን ነዋ።"

ባህል በመመሪያ አይተከልም የሚለውን ጥርጣሬዬን ዛሬም አልተውኩም። እንዲህ ይተከላል ብዬ ግን አልጠበቅኩም ነበር።

ሰርቦ ላይ ከሜዳው ዳር፣ የአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ጥቂት ጥበቃዎች፣ ሁለት የቀበሌ ሰዎችና ሜዳው አጠገብ የቡና ማድረቂያ አልጋ ያላት አንዲት ሴት ነበሩ። ይህን ጊዜ እውነተኛ አስተርጓሚ ሆንኩ። ቴክኒሽያኑ መመሪያውን ሳይከፍት፣ "ማሩን የጫንኩት እኔ ነኝ" ብሎ ጀመረና ሁሉንም ነገራቸው። ኀፍረቱን ሳይቀር።

"ደሞዝህን ቆረጡብህ?" አለው አንዱ ጥበቃ።

"አልቆረጡም።"

"ምን አሉህ ታዲያ?"

"አመሰገኑኝ።"

"ወላሂ?" አለ ጥበቃው፤ እንዳላመነ ያስታውቃል።

ሴትየዋ ግን ጉሮሮዋን ጠረገች። "እንዲህ ከሆነ እኔም አንድ ነገር ልናገር" አለች። "ቡናዬ ላይ የማለብሰው ፕላስቲክ ሸራ አለ። የያዘው ድንጋይ ብቻ ነው። ያ ነገራችሁ ሲያርፍ ወደ ክንፉ ቢበር ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጋሽን አንሺ እንዳትሉኝ ብዬ ዝም አልኩ።"

ቴክኒሽያኑ ወዲያው ተነሣ። "አልጋሽ ላይነሳ ይችላል። ምናልባት እኛ ነን ፈንጠር ብለን የምናርፈው። ነይ አሳዪኝ።"

እሷ ከፊት እሱ ከኋላ እየተነጋገሩ ወደ አልጋዎቹ ሄዱ። እኔ፣ ሥልጠናው ባዶ እንዳይቀር፣ መመሪያውን አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ። ያ ጥበቃ እጁን አወጣ።

"እኔም አንድ አለችኝ" አለ። "ግን እሱ ሲመለስ ነው የምናገረው።"