ኬኩን የምይዘው እኔ ነበርኩ

የልጄን ባል አልወደውም። ደብቄው አላውቅም፤ እሱም ያውቃል፣ ልጄም ታውቃለች፣ የማዕዘኑ ባለሱቅም ያውቃል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ቅዳሜ ደግሞ ልጄ የጋገረችውን የሠርግና የልደት ኬክ በራሱ አሮጌ መኪና ያደርሳል። በተረፈው ጊዜ መኪናው ስር ተጋድሞ ነው የሚውለው። ሰፈሩ «ሁለት እግሩ» የሚል ስም ያወጣለት ከመኪናው ስር ከሚወጡት ጫማዎቹ በቀር ሌላ ነገሩን የሚያየው ስለሌለ ነው። ብዙ አይናገርም። ሰው ዝምታውን ጨዋነት ይለዋል። እኔን ግን ዝምተኛ ሰው አያምነኝም፣ እኔም አላምነውም።

ባሌ ሲሞት ልጄ ቤት የኋለኛዋ ክፍል ገባሁ። ያለ ሥራ ሰው ቤት መቀመጥ ምን እንደሚመስል የተቀመጠ ያውቀዋል። ሳህን ላነሳ ስል «ተዪው እማዬ»፣ ዱቄት ልነፋ ስል «አረፍ በይ እማዬ»። በእረፍት ገደሉኝ። የቀረችኝ ሥራ አንዲት ነበረች፤ ቅዳሜ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ኬኩን መያዝ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ያ መኪና ሲታጠፍ ይተኛ ነበር። አደባባዩን ሲዞር አንድ ጎኑ መሬት ሊስም ይደርስና ቀና ሲል ደግሞ ወደ ሌላው ይወድቃል። ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ እንዲህ ያለ መኪና ላይ ብቻውን አይቆምም። እኔ ደግሞ ጉልበት በነበረኝ ጊዜ መስታወት ቤት ነው የሠራሁት፤ በጭነት መኪና ላይ መስታወት ደግፎ መቆም ለምጃለሁ። መዳፎቼን ከኬኩ ጣውላ ስር አስገባለሁ፣ መኪናው ወደ ቀኝ ሲተኛ እኔ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ሲተኛ ወደ ቀኝ። መታጠፊያ ላይ ስንደርስም «ቀስ!» እላለሁ። ሾፌሩ ካልሰማ ደግሜ እላለሁ።

አዳራሽ ስንደርስ ሰዎቹ መጀመሪያ የሚከፍቱት የእኔን በር ነበር። «እማማ እንኳን በሰላም ደረሱ! ኧረ ቀስ ብላችሁ ተቀበሏቸው!» ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ ሆኜ እከርምና ቅዳሜ ሰው እሆን ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ያለው መታጠፊያ አንሸራተተኝና አውራ ጣቴ ክሬሙ ውስጥ ገባ። የሙሽራዋ እናት ጎድጓዳውን አይታ ፊቷን አጠቆረች። ልጄ በማንኪያ ጀርባ ደባብሳ አለፈችው። ስንመለስ ሁለት እግሩ መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ፣

«የእማማ ጥፋት አይደለም። የመኪናው ነው። አስተካክለዋለሁ» አለ።

እኔ ምን እንዳለ ገብቶኛል። ጥፋቱ የኔ ነው ማለቱ ነበር።

በማግስቱ መኪናውን በክሪክ አነሳና ስሩ ገባ። መጀመሪያ ጎሚኒዎቹን ቀየረ፤ ብረትና ብረት እንዳይጋጭ በየመገጣጠሚያው የሚገቡት ላስቲኮች ናቸው። አሮጌዎቹን ደረጃው ላይ ደረደራቸው፤ ተሰነጣጥቀው ደርቀው የሽማግሌ ተረከዝ መስለዋል። ቀጥሎ አራቱንም ሾክ አብዞርበሮች ለወጠ። ድሮ የመኪናውን ጥግ ተጭነው ሲለቁት ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ደግሞ ወርዶ፣ እንደ ሰካራም ሲወዛወዝ ይቆይ ነበር። ሲጨርስ እሱ እጁን ሊታጠብ ሲገባ ጠብቄ በዳሌዬ ገፋ አደረግኩት። አንድ ጊዜ ወረደ፣ አንድ ጊዜ ወጣ፣ ቀጥ አለ። ደስ አላለኝም።

እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን አንድ የአውቶቡስ ባልደረባው መክሮት አጫጭርና ድርቅ ያሉ ሞላዎች አስገባ። መኪናው ዝቅ ብሎ እንደ አኩራፊ ቁጭ አለ። በዚያ ቅዳሜ አደባባዩን ስንዞር እውነትም አልተኛም። የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም ከወንበራችን ተነሳን፤ ኬኩም ተነሳ። ሲመለስ ከመሃል ተሰነጠቀ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ ማለት ይኼ ነው። ልጄ ልታለቅስ ደረሰች። እኔ በአፌ «አይ የኔ ልጅ፣ አይ የኔ ልጅ» እላለሁ፣ አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ።

«መኪና መንዳትና መኪና መሥራት ለየቅል ነው» አልኩት፣ እንዲሰማ አድርጌ።

«ልክ ነዎት እማማ» አለኝ። እንዲህ ነው የሚያቃጥለኝ። ቢሰድበኝ እኮ መልስ አላጣም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ድርቆቹን አውጥቶ የድሮዎቹን ሞላዎች መለሰ። ልጄ ክሬም እየመታች ምን እየሠራህ ነው ስትለው፣ «ሞላውስ ጥፋት የለበትም፤ ለስላሳ መሆኑ ጥሩ ነው። እንዳይተኛ እንጂ እንዲደርቅ አልፈልግም» አላት። ከዚያ የኋላ ጎማዎችን ግራና ቀኝ የሚያያይዘውን ዘንግ በወፍራም ለወጠው። አንዱ ጎን ልተኛ ሲል ሌላው የሚይዘው በሱ ነው አሉ። በመጨረሻ ጥሩ ጎማ ገጠመና ጎማዎቹ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አላይመንት አሠርቶ መጣ። ይኼው ነው፤ ሌላ ጉድ የለውም። ከውጭ ለሚያየው ያው አሮጌ መኪና ነው።

በዚያ ሳምንት ራት ላይ አፌ አላርፍ አለ።

«እንዲህ የምትለፋው ለኬኩ አይደለም። እኔን ከመኪናው ለማውረድ ነው» አልኩት።

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ልጄም እምቢ እንዲል ዓይን ዓይኑን አየችው። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አዎ እማማ» አለ። «እንዲወርዱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እነዳለሁ፤ አንድም ሰው ቀስ አይለኝም። ቅዳሜ ግን በየመታጠፊያው ቀስ፣ ቀስ። እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር እሰማዋለሁ። መረረኝ።»

«አንተ!» አለች ልጄ።

«ተዪው፣ ይናገር» አልኳት። «እሺ፤ በዚህ ቅዳሜ ኬኩን ማንም አይይዘውም። ከወደቀ አርፈህ መሪህን ያዝ፣ እኔም ቦታዬን እይዛለሁ። ካልወደቀ ራሴ እወርዳለሁ።»

«እሺ» አለ። እንደገና ማንኪያውን አነሳ።

ቅዳሜ ልጄ ትልቁን ኬክ ወንበሩ ላይ ባነጠፈችው ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ፣ ከስሩ ላስቲክ ምንጣፍ አድርጋ አስቀመጠችው። እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሳላስበው እንዳልይዘው ሁለቱንም እጆቼን ጭኖቼ ስር አስገባኋቸው። አፌንም ዘጋሁ። እሱ እንደ ወትሮው ነዳ፤ አላፈጠነም፣ አልተለማመጠኝምም። ጉብታው ላይ መኪናው ለስለስ ብሎ ወጥቶ ወረደ። ኬኩ ንቅንቅ አላለም።

አደባባዩ ቀረበ። እውነቱን ልናገር፣ አምላኬን ለመንኩት። የልጄ እንጀራ፣ የሌላ ሰው ልጅ ሠርግ ይበላሽ ብዬ ለመንኩት። ጣለው፣ ጣለው፣ ጣለው።

መሪውን ጠመዘዘ። ሰውነቴ ያንን መተኛት ለምዶ የለ፣ ሳላዘው ወደ ግራ ዘመም አለ፣ መኪናውን ሊመክት። መኪናው ግን አልተኛም። ቀጥ ብሎ ዞረ። የተኛሁት እኔ ነኝ። ትከሻዬ ሄዶ ኬኩን ሊመታው የጣት ክፍተት ሲቀረው ልጄ ከፊት ወንበር ዘወር ብላ በክንዷ ያዘችኝ። ኬኩን አይደለም፤ እኔን ነው የያዘችኝ።

ሁለት እግሩ በመስታወቱ አየኝ። ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ልጄም እጇን እስክንደርስ ድረስ ከክንዴ ላይ አላነሳችም፤ ድሮ እኔ ኬኩን እንደምይዘው አድርጋ ነው የያዘችኝ። አዳራሹ ጋ ስንደርስ ሰዎቹ የኬኩን በር ከፈቱና ይዘውት ገቡ። በእኔ በኩል ያለውን ራሴ ከፈትኩት።

ቃሌን አላጠፍኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት እግሩ የኋላውን ወንበር አጥፎ ጣውላውን በሰፊው ዘረጋ፤ አሁን ሁለት ኬክ ይይዛል። ልጄ ስትወጣ ጉንጬን ሳመችና «አረፍ በይ እማዬ» አለችኝ። እሱ ሞተሩን አስነስቶ «ደህና ይዋሉ» አለ።

በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። መንገዱ ጫፍ፣ ሱቁ ጋ ወደ ግራ ይታጠፋል። መኪናው እዚያ ሲደርስ ወደ ግራ ዘመም አልኩና የበሩን ቋሚ ያዝኩ።

«ቀስ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ባለሱቁ ብቅ ብሎ፣ «ማንን ነው እማማ?» አለኝ።

መኪናው ምንም ሳያጋድል ታጥፎ ሄደ። የፍሬኑ መብራት እንኳን ብልጭ አላለም።