የአባቴ ወፍጮ የምድር ሽቦ

ሥራዬ የምድር ሽቦ መለካት ነው። ቡሬ ላይ አዲስ ማሽን ሲተከል ሁለት ችካል መሬት ላይ እመታለሁ፣ ሽቦ እዘረጋለሁ፣ ቁጥሩን አነባለሁ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ከማሽኑ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይወርዳል። ትልቅ ከሆነ ማሽኑን የነካው ሰው ላይ ይወርዳል። ይኸው ነው፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም።

አምና ሚያዝያ ላይ መለኪያዬን ይዤ በፍኖተ ሰላም በኩል አገር ቤት ገባሁ። አባቴ ሁለት በሬ ሸጠው የኤሌክትሪክ ወፍጮ አስተክለው ነበር። ማንም ለካልን አላለኝም፤ ልጃቸው ስለሆንኩ ሄድኩ።

ችካሎቹን በተሰነጣጠቀው ማሳ ላይ መታሁ። ከአሥር ኦም በታች መሆን የነበረበት ቁጥር አርባ ሁለት አለኝ። ደግሜ ለካሁ። ያው አርባ ሁለት።

"መሬት ውስጥ የተቀበረው የመዳብ ዘንግ ምን ያህል ገብቷል?" አልኳቸው።

"ድንጋይ አስቸገረንና አስቆረጥነው።" ቀሪውን የወፍጮ ቤቱ በር መወርወሪያ አድርገውታል። አይዝግም ብለው ኮርተውበታል።

"አባየ፣ ይኼ ሰው ይገድላል። ሌላ ቦታ ተቆፍሮ እስኪተከል ያቁሙት።"

"ትንሽ ይነዝራል እንጂ መች ገደለ? ዘንጉ ሥር ውሃ አፈስበታለሁ።"

እህል ያሰለፉ ሴቶች ያዩናል። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌን አልገታም። "እርስዎ ስለ መሬት የሚያውቁት ማረስ ብቻ ነው" አልኳቸው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም።

ሐምሌ ላይ ሌላ ለኪ አስመጡ። መሬቱ ዝናብ ጠጥቷል፤ በዚያ ላይ ጠዋት ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ዘንጉ ሥር አፍስሰዋል። እርጥብና ጨዋማ መሬት ኤሌክትሪክ ይቀበላልና ቁጥሩ ወረደ፣ ደህና ነው የሚል ወረቀትም ተፈረመ። በጋ ሲመጣ ያው መሬት እንደሚደርቅ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

በጋው ገባ። ወፍጮው ይፈጫል፣ ምንም የሆነ ሰው የለም። እኔም ምንም አይሰማኝም ነበር፤ እበላለሁ፣ እለካለሁ፣ እተኛለሁ። ከአገር ቤት ስልክ ሲመጣ ብቻ በሆዴ "ደረሰ" እላለሁ። ሳይደርስ ሲቀር የማዝን የሚመስለኝ ቀን ነበር።

መጋቢት ላይ አንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ሽቦ ስጠቀልል እናቴ ደወለች። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

"አባትህ..." አለችና መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ።

ያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣው "ምን ሆኑ?" አይደለም። "አላልኩም?" ነው። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ስልኩ ተቋረጠ።

ቆይታ መልሳ ደወለች። "አባትህ ወደ አንተ እየመጡ ነው። እንዳታሳፍራቸው።" ድምፅዋ ደክሟል። ሌላ ነገር አልነገረችኝም።

መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኋቸው። ከሚኒባሱ ወርደው ጉንጬን ሳሙኝ፣ እንዳልተጣላ ሰው። አንድም ቦታቸው አልተነካም። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ፣ "ትናንት ወፍጮው እናትህን መትቶ ጣላት" አሉ። "ነፍሷ ተርፋለች፣ አንድ እጇ ግን አልታዘዝ ብሏታል። አትንገሩት ብላ ነበር። አቁሜዋለሁ፤ አንተ እንዳልከው አድርገው።"

ይህን ከአፋቸው ለመስማት ዓመት ሙሉ ጠብቄአለሁ። ስሰማው ምንም አልተሰማኝም።

አብረን አገር ቤት ሄደን አዲስ ዘንግ ሌላ ቦታ በሙሉ ቁመቱ ተከልኩ። እናቴ በደህናው እጇ ምሳ አቀረበችልኝ፣ ብላ አለችኝ፣ በላሁ። ያን ዕለት በስልክ ያልኩትን ሰምታ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።