ገለባ የሞላው በር

የአባቴ መኪና ከፋብሪካ ይዛቸው የመጣችው ሁለት ስፒከሮች የፊት በሮቿ ውስጥ ነበሩ። ስፋታቸው ከስኒ ማስቀመጫ ብዙም አይበልጥም፤ ድምፃቸው ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ነው። ለዓመታት ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። አባቴ ሬዲዮ የሚከፍቱት ዜና ለመስማት ነው፤ በዚያን ጊዜ ዜና ማለት የምርት ዘመቻና የስብሰባ መግለጫ ስለነበር፣ ባይሰማም የሚያመልጥ ነገር አልነበረም።

እኔን ያስነሳችኝ የወደድኳት ልጅ ናት። ጅማ ለመምህርነት ትሰለጥን ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ይዟት ከገበያ እስከ ማደሪያዋ ስሸኛት፣ ለጉራ ብዬ ካሴት ከተትኩ። ትንሽ አዳመጠችና «መኪናችሁን ጉንፋን ይዟታል እንዴ?» አለችኝ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ከዚያ ቀን እስከ ሽማግሌ መላክ ስድስት ወር ፈጀብኝ፤ አባቷ ሰኮሩ ኬላ ላይ የቡና ተቆጣጣሪ ነበሩና። ለጅማ ሰው ይህን ብቻ መንገር ይበቃል፤ ለሌላው ላስረዳ። ያኔ ያለ ፈቃድ ቡና ይዞ በአዲስ አበባ መንገድ የተገኘ ሰው መኪናውም ይወረሳል፣ እሱም ይታሰራል። ሰው ደግሞ ብልሃት አያጣም፤ በመለዋወጫ ጎማ፣ በወንበር ሥር፣ በበር ውስጥ ይደብቃል። እሳቸው በአፍንጫቸው ያገኙታል ይባል ነበር። የገዛ ወንድማቸውን መኪና ሳይቀር አስወርሰዋል እየተባለ ይወራል። እንግዲህ «ልጅዎን ይስጡኝ» የምላቸው ሰው እኚህ ናቸው።

የሚሄዱልኝ ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ፤ አጎቴ፣ ሒሳብ ያስተማሩኝ ጡረተኛ መምህሬ፣ የቦሳ ኪቶ ሰፈር ጎረቤታችን ፍራሽ ሰፊው ሐጂ። ሦስቱም መኪና አይነዱም። በወጉ ደግሞ ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር ደጅ አይረግጥም። ስለዚህ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ «ሹፌሩ» እንድሆን ተወሰነ። ሽማግሌ በሚሄድበት እሁድ ልጅቷ ቤተሰቦቿ ጋ ናት። ሐሳቤ ግቢው ስንደርስ ካሴቱን ለአፍታ ከፍ ማድረግ ነበር፤ እሷ ከጓዳ ሆና ትሰማለች፣ መኪናዋን ጉንፋኑ እንደለቀቃት ታውቃለች። የሃያ አምስት ዓመት ሰው ሐሳብ ይህ ነበር!

ከአንድ የተበላሸ ትልቅ ሬዲዮ ሁለት ደህና ስፒከር አወጣሁ። የበሩን ልባስ በካቻቢቴ ፈታሁት። ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ላይ አሮጌው ስፒከር የተቀመጠበት ቀዳዳ አለ፤ አዲሱ አይገባበትም። በመሮ እየመታሁ አሰፋሁት፤ እጄ ሲሞቅ ጊዜ ከሚገባው በላይ አሰፋሁት። ከኮምፔንሳቶ ቀለበት ቆርጬ ክፍተቱን ደፈንኩ፤ ማለቴ የደፈንኩ መሰለኝ። ሽቦውን አገናኝቼ ስከፍተው የጎረቤት ዶሮዎች ተበተኑ። ከደስታዬ ብዛት በመኪናዋ ዙሪያ ሮጥኩ። ችግሩ ከበሮው በተመታ ቁጥር የበሩ ቆርቆሮ አብሮ መንቀጥቀጡ ነው።

ሐጂ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። በሩን በጣታቸው አንኳኩት።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ በር ሆዱ ባዶ ነው። ባዶ ሆድ ይጮኻል። ሙላው።»

«በምን ልሙላው ሐጂ?»

«ጅማ ተቀምጠህ በምን ትለኛለህ? በገለባ ነዋ!»

የቡና ገለባ በእኛ ከተማ ከአፈር ቀጥሎ የሚገኝ ነገር ነው። ከመፈልፈያው ደጅ አንድ ጆንያ አመጣን። ሐጂ እንደ ትራስ በአሮጌ ጨርቅ ሰፉት፤ ሁለቱንም በሮች ጠቅጥቀን ሞላናቸው። ቆርቆሮው ዝም አለ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ትከሻቸውን ነቀነቁ። የምንሄደው ቡና ተቆጣጣሪ ቤት መሆኑ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም። ጅማ ያደገ ሰው ቡና አይሸተውም።

እሁድ በጉድጓዳሙ መንገድ ስንዘል ውለን ሰኮሩ ገባን። ቤታቸው ከኬላው ወዲህ ነበር። አባቷ በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። አጎቴ ከፊት ወንበር በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን እንዳወረዱ፣ እኔ ድምፁን ሽቅብ አዞርኩት።

አንድ ምት። ሁለት ምት። በሦስተኛው፣ መንገድ ላይ የተቀደደው ጨርቅና የደፈንኩት የመሰለኝ ክፍተት ተባበሩ። በሩ ገለባ ተፋ። የአጎቴ ነጭ ጋቢ ቡናማ ሆነ። ገለባ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ከገለባ መሀል ግን ሳይለቀም የቀረ ፍሬ አይጠፋም። ሦስት አራት የቡና ፍሬ መሬት ላይ ተንከባለለ።

አባቷ ወርደው አንዷን አነሱ። አሸተቷት።

«ለምን ጉዳይ ነው የመጣችሁት?» ድምፃቸው ትሁት ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

አጎቴ ጺማቸውን እያራገፉ «ዝምድና ፈልገን…» ብለው ጀመሩ።

«ዝምድናው ይቆየን። ካቻቢቴ አላችሁ?»

ልባሱን በገዛ እጄ ፈታሁት። የአባቴ መኪና ስትወረስ፣ ልጅቷም ለሌላ ስትዳር በአንድ ጊዜ ታየኝ። ገለባው ተዘረገፈ። ሰውየው ተንበርክከው በጣታቸው በተኑት፣ ሌላውንም በር አስከፈቱኝ። የተገኘው ቡና እፍኝ አይሞላም።

«ኬላ ላይ ስንት ዓመት ስቆም» አሉ፣ «ቡና የሚደብቅ አይቻለሁ። ገለባ የሚደብቅ ግን አላየሁም።»

«ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ሐጂ። «በሩ ይጮህ ነበር፣ ዝም ይበል ብዬ ነው።»

አባቷ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ማነህ?»

«ሹፌሩ!» አሉ ሦስቱም ሽማግሌዎች በአንድ አፍ።

ዝም ብል ይቀለኝ ነበር። ግን በዚያ ቤት የመጀመሪያው ነገሬ ውሸት እንዲሆን አልፈለግሁም። ኮፍያዬን አወለቅሁ።

«አይደለሁም ጌታዬ። ጠያቂው እኔ ነኝ። ስፒከሩንም የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ልጅዎ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ነው ስላለችኝ።»

ከጓዳው በኩል ሳቅ ፈነዳ፤ ወዲያው በእጅ ታፈነ። መኪናችን ውስጥ ተቀምጣ እንደነበር ለአባቷ የነገርኳቸው መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። እሳቸው አልሳቁም። ሽማግሌዎቹን ይዘው ገቡ፤ እኔ ውጭ ቀርቼ ግቢውን ስጠርግ ቆየሁ።

ሲወጡ የሽማግሌዎቼን ፊት አየሁ። መልሱ «ዘመድ እናማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ነው። ይህን የሚሰጥም ይለዋል፣ የማይሰጥም ይለዋል። ወሽመጤ ተቆረጠ። አንዱን ልባስ መልሼ አሰርኩ፤ ሁለተኛውን ላነሳ ስል አባቷ እጃቸውን አሳረፉበት።

«ይሄ ተይዟል። ኤግዚቢት ነው።»

«እሺ ጌታዬ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ይሰጧቸዋል?»

«የተያዘ ዕቃ ለሽማግሌ አይመለስም» አሉ። «ለባለቤቱ ነው የሚመለሰው። ራስህ መጥተህ ትወስዳለህ።»

ከሰኮሩ ወጣን። ከዚያ ሐጂ ከኋላ ትከሻዬን በጥፊ አሉኝ። «ሰጡህ እኮ! የማይሰጥ ሰው ጠያቂውን ‹ራስህ ና› ይላል? ሰጡህ፣ አንተ ገልቱ!» መኪናዋን ዳር አቁሜ ወረድኩ፤ መምህሬም ወረዱ፣ አጎቴም ወረዱ፤ ሽቦው በተንጠለጠለ በር ካሴቱን እስከ ጥግ ከፍተን አራታችንም መሀል መንገድ ላይ ጨፈርን።