በአመድ የታጠበው ዶላር

የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ሲያጋጥመኝ ያንገሸግሸኛል። ቡታጅራ አስተማሪ ሳለሁ እኔም አንዱ ነበርኩና።

በሽታውን ያጋባብኝ በበጎ ፈቃድ ሊያስተምር የመጣ አሜሪካዊ ባልደረባዬ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ያገሩን የብር ዶላር ይሰበስብ ነበር፤ ጋሻዋን ይዛ የተቀመጠች ሴት ያለችበትን። አንዱን በጠርዙ ይዞ እያገላበጠ፣ "እድፉ ዕድሜው ነው፤ ያጠበው ሰው ገደለው" ይለኛል። እኔም ይህን እንደ ዳዊት ደገምኩት። በገበያ ቀን ከመስቃን የሚመጡትን ሴቶች ፊታቸውን ትቼ አንገታቸውን እያየሁ እዞር ጀመር። ላብና ቅቤ የጠጣ የብር ድሪ ባየሁ ቁጥር ምራቄን እውጣለሁ። አሁን ሳስበው ይቀፈኛል። ጅብ እንኳ እስኪመሽ ይታገሣል።

አከራዬ ሙስሊም ባልቴት ነበሩ። አንድ ቀን ቆጮ ሊያቀርቡልኝ ጎንበስ ሲሉ፣ ድሪያቸው ላይ ከጠገራ ብሮቹ መሃል ያችን የተቀመጠች ሴት አየኋት። ዶላሩን ከእናታቸው ነው የወረሱት፤ ከየት እንደመጣ አያውቁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሽጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

"የእናት ነገር ይሸጣል እንዴ፣ ልጄ?" እያሉ ይስቁብኛል።

ሴት ልጃቸውን ከትምህርት በኋላ አስጠናት ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ባለፈች በሳምንቱ እናትየው ክፍሌ መጡና በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱ። ዶላሩ ነው። ማንጠልጠያውን አንጥረኛ ዘንድ አስነቅለው፣ በአመድና በሎሚ ፈትገው ፈትገውት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። የተቀመጠችው ሴት ፊት ሳይቀር ተፍቋል።

"ውይ፣ ምን አደረጉት?" አልኩ። ወጥ ውስጥ ዝንብ እንዳየ ሰው ፊቴን ማጨማደዴ ይታወቀኛል። "አበላሹት እኮ። አሁን ምን ያደርግልኛል?" ብዬ በአንድ ጣቴ ወደሳቸው ገፋሁት።

እሳቸው የገዛ እጃቸውን አዩ። ጣቶቻቸው በሎሚው ተልጠዋል።

"የቆሸሸ ነገር ለሰው ይሰጣል?" አሉ ቀስ ብለው። "ልጄን አስተምረህልኝ የለም? ወላሂ፣ ሦስት ቀን ነው ያጠብኩት።"

ደንግጬ፣ መልሰው ይውሰዱት ብል እምቢ አሉ። የሰጡትን መልሰው አይቀበሉም።

ቆጮው አልተቋረጠም፤ እንዲህ ያለ ቂም አያውቁም። "ልጄ" ማለታቸው ግን ቀረ። ከቡታጅራ እስክዛወር ድረስ "መምህር" ነበርኩ። ሲያቀርቡልኝ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ድሪው መሃል ባዶው ቦታ ይታየኛል።

ዶላሩ ዛሬም አለ። ብር ነውና መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ መልሶ ጠቁሯል፤ ልክ ያኔ እንደተመኘሁት። ባለፈው ሰሞን አመድና ሎሚ አቀረብኩና በራሴ እጅ ላጥበው ጀመርኩ። ጣቴ እስኪላጥ ግን አልቆየሁም፤ ቶሎ ሰለቸኝ።