ምላጭ ከተጠመቀች በኋላ

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ «ምላጭ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላት በመቀሷ ሳይሆን በምላሷ ነው። ደንበኛ ሱሪው ጠበበኝ ካላት «ሱሪው ምን አጠፋ? ሆድህን ውቀስ!» ትለዋለች። ለታናሽ እህቷ ግን ያ ምላስ እንኳ አይፈታም ነበር፤ ጨርሰው ተኳርፈዋል። እህቷ ያገባችው ምላጭን አጭቶ የተዋትን ሰው ነዋ።

ምላጭ ክርስቶስን አምና የተጠመቀችው ጠና ካለች በኋላ ነው። ከውሃው ስትወጣ ቂሟ እዚያው የቀረ መስሏት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእህቷን ባል ስትሮክ መትቶት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ እንዳለው ሰማች። «እሰይ!» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደረሰ። ደነገጠች። በቀጥታ ወዳጠመቋት ሽማግሌ መጋቢ ሄደች።

«አባ፣ ዳግም አልተወለድኩም። ያው የድሮዋ ነኝ» አለቻቸው።

«የድሮዋ ብትሆኚ ኖሮ መች ትደነግጪ ነበር፣ ልጄ? ጌታ አዲስ ሕይወት ሰጥቶሻል። በይ ኑሪበት» አሏት።

የስፌት መኪናዋን ሸፍና የእህቷን በር አንኳኳች።

«ልትስቂብን ነው የመጣሽው?»

«ላግዝሽ ነው። ብቻሽን አገላብጠሽ አትችዪውም።»

በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ። ግን በማግስቱም ሄደች፤ ከዚያም ደጋገመች። አንድ ጠዋት እህቷ ራሷ እያለከለከች ከፈተችላት። ሕመምተኛው ከአልጋው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር።

ተጋግዘው አነሱት። ምላጭ እጅጌዋን ሰብስባ ጀርባውን በሞቀ ውሃ ታጥበው ጀመር።

«ይ... ይቅር...» አለ ሰውየው በተጣመመ አፉ።

ያ ሁሉ የድሮ ውርደት ትዝ አላት። እጇ ቆመ። «ጌታ ሆይ» አለች በልቧ፤ ፎጣውንም ጨመቀች።

«ይቅር ብዬሃለሁ። አሁን ክንድህን ላንሳልህ።»

እህቷ በሩን ተደግፋ ታያት ነበር።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ?»

«እንደ አዲስ ተወልጃለሁ ብልሽ ትስቂያለሽ።»

«ሃምሳ ሊሞላሽ ነው እኮ!»

«አየሽ፣ ሳቅሽ!»

ከዚያ ወዲህ ምላጭ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት እዚያ ቤት ጎራ ትላለች። ምላሷ አሁንም ያመልጣታል፤ አንድ ቀን በአንሶላ አነጣጠፍ ሰበብ እህቷን አስለቅሳታለች። ያን ቀን ግን ከደረጃው ተመልሳ ይቅርታ ጠየቀቻት። ይቅርታ መጠየቅ ለምላጭ እንደ ሞት ነው። ቢሆንም ትመለሳለች።